ከሶፋ የተረፈው ቦርሳ

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ተደወለ! ትልቋ ልጄ ተፈትና ያለፈችበት ትምህርት ቤት ቦታ ሰጥቷታል። የደወለችልኝ ጸሐፊ ድምፅዋ ማር ነው፤ የመመዝገቢያውን ክፍያ ስትነግረኝ እንኳ ማርነቱ አልጎደለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል አለች። "ችግር የለም፣ እንከፍላለን" አልኳት፣ እንደ ባለ ፎቅ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በእጄ የነበረው መቀስ የት እንደገባ ጠፋብኝ።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ያን ያህል አይደለም። ባለቤቴ ሾፌር ነው። የሚነዳው የጭነት መኪና ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ከተኛ ሰንብቷል፣ አሠሪው ደግሞ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ አይከፍልም። እኔ ሶፋ ቤት እሠራለሁ፤ አናጺው እንጨቱን ያቆማል፣ እኔ ጨርቁን ቆርጬና ሰፍቼ አለብሰዋለሁ። የኔ ደመወዝ ለኪራይ፣ ለቀለብና ለመመዝገቢያው ይበቃል። ጥርሴን ነክሼም ቢሆን ይበቃል። ሌላው ሁሉ፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫማው፣ ቦርሳው፣ ከምንም መውጣት አለበት። ከምንም ነገር በማውጣት ደግሞ ማን ይችለኛል!

የግራ መንጋጋዬ ትንሽ ነካ ነካ አድርጎኛል። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼበት ነው።

ረቡዕ

ያለፈው ዓመት ደብተሮች በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ልጆቼ ደብተር ሲጀምሩ መላእክት ናቸው፤ ርዕሱን በቀይ ያሰምራሉ፣ ቀን ይጽፋሉ፣ ኅዳግ ይተዋሉ። መሃሉ ጋ ሲደርሱ ይሰለቻቸዋል። ያልተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ አወጣሁና በሶፋ መርፌና በሰም በተቀባ ክር ጠረዝኩት። ሽፋኑን ከአሮጌ ካሌንደር። የመጀመሪያውን ለታናሹ ልጄ ሰጠሁት። መራመድ ትቶ መዝለል ብቻ ስለሚወድ ፌንጣ ነው የምንለው። ግራና ቀኝ ጎተተው፤ ንቅንቅ የለም።

"እማ፣ ይሄ ደብተር መኪና ቢሄድበትም አይሞት።"

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈ "የኔ መኪና ከሆነ መጀመሪያ ይነሳና ይሂድ" አለ። ሳቅን። እሱ ቶሎ አቆመ።

ቅዳሜ

ገበያ ማልጄ ወጣሁ። ነጋዴው ገና ዕቃውን ሲያወርድ ቀኑን በሽያጭ መጀመር ስለሚፈልግ ልቡ ይራራል። ሙያ ነውና ትማር ብዬ ትልቋን አስከተልኩ። ዘዴዬ ይህ ነው። ዕቃውን አነሳለሁ፣ አገላብጬ አያለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። "ቆንጆ ነው፤ ለእኛ ግን አልተፈጠረም" እልና በክብር ቦታው እመልሰዋለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሄድ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ በንዴት ፈጥኖ ይሄዳል፣ ነጋዴውም ይተወዋል።

ጫማ ሻጩ ሦስት መደብር ሳልርቅ "እናቴ! ኧረ እናቴ፣ ተመለሺ፣ ምን አጣላን!" አለ።

ትልቋ ክንዴን ጎተተችኝ። "እማ፣ በናትሽ ስጪውና እንሂድ። ሰው እያየን ነው።"

"ይየን! እየሰረቅን ነው እንዴ?"

ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ሥራ ፈትቶ እሷን የሚያይ ይመስላታል። ይለቃታል። ጫማውን ባልኩት ዋጋ ወሰድኩ። ሹራቡንም በግማሽ ዋጋ አገኘን፤ ክርኑ ላይ ቀዳዳ አለችው፣ ለኔ ቀዳዳ ምኔ ናት።

ማክሰኞ፣ ቸኩያለሁ

የፌንጣ ሱሪ ተረዘመ። ቅልባሹን ስፈታው የድሮው እጥፋት መስመር ነጭ ሆኖ ቀረ። በጥቁር ጥብጣብ ሸፈንኩት። አሁን የወታደር ማዕረግ ይመስላል። እሱ ወዶታል፣ "ስንት ኮከብ ነኝ?" ይላል።

ታላቅ እህቴ ደወለች። ስለ ቦርሳ። ነገ እጽፈዋለሁ፣ ደሜ ፈልቷል።

ረቡዕ፣ ሥራ ሳይጀመር

እህቴ ሰው አይጎዳም፤ አፏ ነው እንጂ። የትልቋን ማለፍ ሰምታ ደስ አላት፣ እልል አለች፣ ከዚያ "ቦርሳዋን እኔ እገዛለሁ" አለችኝ።

"ተይው እታለም፣ እኔ እሰፋላታለሁ።"

"ምን አልሽ? እዚያ ትምህርት ቤት የምትገባን ልጅ? ልጅሽን በትርፍራፊ ነው እንዴ የምታሳድጊያት?"

ልጄን በምን እንደማሳድጋት አስረዳኋት። አጭር አልነበረም። ስልኩ ከተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ መላኩን የሚገልጽ መልእክት ገባ። እልኸኛ! ሳልነካው እመልስላታለሁ። በራሴ የቆምኩ ሰው ነኝ።

ግራ ግራውን ማኘክ ትቻለሁ። ቀኙ ለምን ተፈጠረ?

ዓርብ

ዛሬ የሰፈራችንን ፋርማሲስት ሶፋ ቤቷ ድረስ ወስደን አስረከብን። ጨርቁን ራሷ ናት ያመጣችው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወርቅማ ቅጠል ያለው፣ እንዲህ ያለ በእጄ ገብቶ አያውቅም። ቅጠሉ ከመቀመጫው ወደ መደገፊያው ሳይቆረጥ እንዲወጣ አድርጌ ሰፋሁት። አለቃዬ ሲያየው ዝም አለ። ጣውላም ሲቆርጥ ሰውም ሲያናግር ድምፁ አንድ ስለሆነ መጋዝ ነው የምንለው፤ እሱ ዝም ካለ ሥራው አምሯል ማለት ነው።

የተረፈውን ጨርቅ ጠቅልዬ ለፋርማሲስቷ ሰጠኋት። የሰው ንብረት ነው።

"ምን አደርገዋለሁ? ውሰጂው፣ የኔ እመቤት" አለች። ዐይኔ ጨርቁ ላይ እንደነበር ሳታይ አልቀረችም። ትልቋን የምታህል ልጇ ገና ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ ላይ ወጥታ ትዘላለች። ጎበዝ፣ ዝለዪ፣ የኔ ስፌት አይፈታም።

ቦርሳው ተገኘ!

እሑድ

ሰፋሁት። በሕይወቴ ከሰፋሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል፣ የፋርማሲስቷን ሶፋ ጨምሮ። ማንገቻው ውስጥ ትከሻዋን እንዳይቆርጣት ስፖንጅ አለበት። ዚፑ ከአሮጌ ትራስ የወጣ ነው፣ ሰም አሸሁበት፣ እንደ ቅቤ ይሄዳል። ኪሶቹ አራት። ከውጪው በኩል ወርቅማዋ ቅጠል ልክ መሃል ላይ አርፋለች።

ትልቋ አገላብጣ አየችው። "ያምራል" አለች። በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው። ደስታ ድምፅዋን ዘጋው መሰለኝ።

ሐሙስ

ተከፈለ። ደረሰኙ በእጄ ነው። ጸሐፊዋ በአካል ስትታይ ድምፅዋን አትመስልም። ባለቤቴ ሳመኝ፤ በግራ ጉንጬ በኩል ሲሆን ሸሸሁት። "ታመሻል?" አለ። "ላብህ ነው" አልኩት።

ሰኞ፣ ትምህርት የተከፈተ ቀን

ሁለቱም ወጡ። ፌንጣ በማዕረጉ፣ ትልቋ በቦርሳዋ። በር ላይ ቆሜ መታጠፊያው እስኪሰውራት አየኋት። ቅጠሏ ጀርባዋ ላይ ታበራለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዩኒፎርሙ እስከ እርሳሱ፣ እህቴ ልግዛ ላለችው ቦርሳ በሚከፈለው ገንዘብ ሁለት ልጅ ተማሪ አደረግኩ። ማን እንደኔ!

ሐሙስ

ልጄ ዕቃ አያያዝ አወቀች። ይኸው ስንት ቀን ሆናት፣ ቦርሳው ላይ አንድ ጠብታ ጭቃ የለም። ዛሬ ያን ሁሉ ዝናብ እየዘነበ ቦርሳው ደረቅ! ለመጋዝ ነገርኩት። "የኔ ልጅ ባለፈው ዓመት ቦርሳውን በሁለት ወር ነው የበላው" አለኝ። አስተዳደግ ነው አልኩት። ትንሽ ኮራሁ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለ ሱቅ ጨው ስገዛ "ትልቋ ልጅሽ ፌስታል ጨረሰችብኝ፣ እትዬ" ብሎ ሳቀ። ደብተሮቿን ከዝናብ ልትሸፍንበት ይሆናል። እንዲህ አስባ ስታድር ማን ያያል።

መዳፏ ላይ ቀይ መስመር አየሁ። ገመድ ዝላይ ነው አለች።

ዓርብ፣ ጠዋት

ፌንጣ ፊቱን እየታጠበ፣ "እማ፣ ሶፋ ስድብ ነው?" አለኝ።

"ሶፋ እንጀራህ ነው" አልኩት። "ማነው ደግሞ ስድብ ያደረገው?"

ትልቋ ክፉኛ አየችው። ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። ወንድምና እህት ሲጣሉ ከቤት ውስጥ የማይወረወር ነገር የለም፤ ሶፋ ብቻ ነበር የቀረው።

ቅርንፉድ ነክሼ ዋልኩ። አፌ የወጥ ቤት መደርደሪያ ይሸታል። የባለቤቴ መኪና ይነሳል አሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት። ባለፈውም በሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት

ዛሬ መንጋጋዬ አላሠራ ሲለኝ መጋዝን አስፈቅጄ ወጣሁ። ቅርንፉድ ልጨምር ብዬ ሱቁ ገባሁ። ባለ ሱቁ ሊመዝን ዞር ሲል ከጀርባው ምስማር ላይ፣ በመጥረጊያዎቹና በዘይት ጀሪካኖቹ መሃል፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ተንጠልጥሏል። ወርቅማ ቅጠል መሃሉ ላይ።

ስፌቴን አላጣውም።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

ባለ ሱቁ ደነገጠ። "ጠዋት ታስቀምጣለች፣ ደብተሮቹን በፌስታል ይዛ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ትወስዳለች። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ። የምታውቂ መስሎኝ፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ" አልኩት። ለምን እንዳልኩት እንጃ። ቅርንፉዱንም ረስቼው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ማምሻውን

አባቷንና ፌንጣን ወደ ጎረቤት አሰናበትኳቸው። ቦርሳውን ይዛ ስትገባ፣ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ እንደ ወትሮው፣ እጇን ያዝኳትና መዳፏን ገለጥኩት። የፌስታል ጆሮ የበላው ነው። እኔ የሰው እጅ አይቼ መርፌ በየት እንደያዘ የማውቅ ሴት፣ የልጄን እጅ አይቼ ገመድ ዝላይ ስባል አመንኩ።

መጀመሪያ እጇን ልትነጥቀኝ ታገለች። ከዚያ ፈሰሰ። የፋርማሲስቷ ልጅ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ናት። የመጀመሪያ ቀን ገና በር ላይ "እንዴ! ሶፋችንን ተሸክመሽ መጣሽ?" አለቻት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሶፋ ሆነ። ይህን ሁሉ ብትችለውም ሌላም ነበር። "ጨርቁን እናትሽ ናት ከእኛ የሰረቀችው" ብላታለች።

እኔን! ትርፍ ጨርቅ ጠቅልዬ የምመልሰውን!

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ሳላስበው ጮኼያለሁ።

"አንቺስ ጥርስሽን መቼ ነገርሽኝ?" አለች። እሷም ጮኸች። "በአንድ ጎን ስትበዪ የማላይ ይመስልሻል? ለኔ መመዝገቢያ ብለሽ ነው ያልተነቀልሽው። እንዴት ነው ታዲያ ቦርሳውን አልፈልግም የምልሽ?"

ቁጭ ብለን ሁለታችንም አለቀስን። ስንጨርስ "በእውነት ሰጥተውሽ ነው አይደል?" አለችኝ፣ ዐይኗን ሳታነሳ። አንጀቴን የበላው ልቅሶው አልነበረም፤ ይሄ ነው። ልጄ ይህን ጥያቄ በሆዷ ይዛ ስትሄድ ስትመለስ ከርማለች፣ እኔ ደግሞ በንጹሕ ቦርሳ ስኩራራ።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዣት ቀጥታ ፋርማሲው። ቦርሳውን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። በመንገድ ሁሉ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ፋርማሲስቷ ግን ቦርሳውን ትታ ፊቴን አየች።

"ጉንጭሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ጉንጬን ይተዉት። ይህን ጨርቅ ሰርቄ ነው ወይስ ሰጥተውኝ? ለልጄ ይንገሯት።"

ሴትየዋ ክው አለች። ማን እንዳለ ሲገባት ፊቷ ቀላ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ ትልቋ ፊት ቆመች። "እናትሽ ጠቅልላ ሰጥታኝ እኔ ነኝ ውሰጂው ያልኳት፣ የኔ ልጅ። በገዛ እጄ። የኔዋን ዛሬ ቆዳዋን ነው የምገፍፋት!"

"አይምቷት" አልኩ። "እንዳሉን ለእሷም ይንገሯት፣ ይበቃል።"

ስንወጣ ቦርሳውን እኔ ላንሳው ስል ትልቋ ቀድማኝ አነገተችው።

ፋርማሲስቷ የሚያስታግስ ሰጠችኝ፣ ልክፈል ስል በእጇ ከለከለችኝ። "ይሄ ግን ማታለያ ነው" አለች። "ጥርሱ ከነሥሩ ካልወጣ ነገ ዐይንሽን ይይዛል። ዛሬ ነገ አትበዪ።"

ሐሙስ

የእህቴ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። እመልሳለሁ እያልኩ ሳልመልስ የቀረሁት ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ለትልቋ አሳየኋት። "ቦርሳ እንግዛ፣ አንቺ ምረጪ፣ ከሱቅ፣ የፈለግሽውን" አልኳት። ይህን ስል ምላሴ እንደ ድንጋይ ከብዶኛል፤ ከጥርሱም ሊሆን ይችላል።

መልእክቱን አነበበችው። "ቦርሳ አለኝ" አለች። "ለጥርስሽ አድርጊው። አክስቴን እኔ እነግራታለሁ።"

ዓርብ

ዛሬ ቦርሳው ሱቁ ጋ አልቀረም። ማታ ስትመለስ የታችኛው ጫፉ ላይ ጭቃ አለው። ምን እንዳሉ ጠየቅኳት። አንዷ ልጅ "ሶፋ መጣች" አለች። የፋርማሲስቷ ልጅ አልሳቀችም፤ ጫማዋን ነው ያየችው። የኔዋም ወደ እሷ ዞራ "አዎ፣ እናቴ ናት የሰፋችው። አንቺ የምትቀመጪበትንም እናቴ ናት የሰፋችው" ብላ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ጭቃውን ልጠርገው ብዬ ተነሳሁና ተውኩት።

ቅዳሜ፣ በወረቀት ላይ ማውራት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ

ሌሊቱን አፌ ተቆልፎ ነጋ። ባለቤቴ መኪናው ተነስቶለት በንጋት ስለወጣ ጥርስ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ትልቋ ናት። በሄድንበት ሁሉ ተናጋሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ጨርቅ ጉንጬ ላይ ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ቀረበች። ቁመቷ ከመስኮቱ ጠርዝ ትንሽ ነው የሚያልፈው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ዋጋውን ነገረቻት። መንቀያው፣ ፎቶው፣ ካርዱ፣ የክትትሉ።

ልጄ ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት አነሳች። አገላብጣ አየችው። በረጅሙ ተነፈሰች።

"ቆንጆ ነው" አለች። "ለእኛ ግን አልተፈጠረም።"

በክብር መልሳ አስቀመጠችው፣ መጥታ እጄን ያዘችኝና ወደ በሩ ወሰደችኝ። ቀስ ብላ። ልፍጠን ስል ክንዴን ጫን አደረገችው። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ እያየን ነው፤ አንገቴ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝ። ተይ፣ ክፈይና እንግባ ልላት አፌን ብከፍት የሚወጣው "ኡኡ" ብቻ ሆነ።

"ኧረ የኔ ልጅ!" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ። "እዚህ እኮ የሰው ጥርስ ነው የሚነቀለው፣ ገበያ አይደለም!"

"እኛም ጥርስ ነው ያመጣነው" አለች ልጄ፣ ሳትዞር።

በሩ ጋ ልንደርስ ስንል ሐኪሙ ራሱ ብቅ አለ፤ እየሳቀ ነበር። "የክትትሉን ተዉላቸው፣ ካርዱንም። ሴትየዋን አስገቧት፣ ታማለች።"

ልጄ ተመለሰች፣ ቦርሳዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፣ በአንድ እጇ ዚፑን ሳበችው። እንደ ቅቤ ሄደ። ከአራቱ ኪስ ከአንዱ ትናንት ከባንክ የተቀበልነውን የአክስቷን ገንዘብ አወጣችና ቆጥራ ሰጠች። የተረፈውን መልሳ ስትከት ገንዘብ ተቀባይዋ ጨርቁን በጣቷ ነካ አደረገችው።

"ይሄን የመሰለ ቦርሳ ከየት ገዛሽው?"

ትልቋ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

"አይሸጥም" አለቻት።